የሮላንድ መስኮት

ኮሪን ላፍላም ዕድሜዋን የፈጀችው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ነው። በዌስት ሃርሎ ከተማ ዛሬ ራሰ በራ የሆነው፣ ሆዱ ከቀበቶው ያለፈው፣ ሥራ አስኪያጅ ነኝ ብሎ የሚንጎራደደው ሁሉ በልጅነቱ ከኋላዋ ተቀምጦ "አውቶቡሱ ሳይቆም ማንም እንዳይነሳ!" የሚለውን ትእዛዟን ሰምቷል። ሱቅ ውስጥ ድንገት ሲያገኟት አሁንም እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። የስድሳ ልጅ ጩኸት ከጀርባዋ አድርጋ በበረዶ መንገድ ስትመላለስ የኖረች ሴት ናት። ስለዚህ "ሚስስ ላፍላም፣ እርስዎ ድምፅ አይወዱም መሰለኝ" የሚላት ሰው ሲያጋጥማት ደሟ ይፈላል። ቢፈላ እውነቷን ነው።

ድምፅ ብቻ ቢሆን ማን ቅሬታ ያነሳ ነበር። ያ ቅጠል አባራሪ ማሽን ግን ሌላ ነው። ሰው በጀርባው ያዝለዋል፤ ገመዱ ሲሳብ ያጓራል፤ ከዚያ በረጅም ቱቦ ነፋስ እየተፋ ቅጠሉንም፣ አቧራውንም፣ የውሻ ኩሱንም ከሣሩ ላይ አንስቶ አየር ላይ ይበትነዋል። የቤንዚን ጭሱ ደግሞ ምርቃት ነው። ሰኞ ከቀኙ ጎረቤት ግቢ የተባረረው ቅጠል ግራው ጎረቤት ግቢ ያድራል። ማክሰኞ የግራው ጎረቤት የቀጠራቸው ሰዎች ይመጡና ወደ ነበረበት ይመልሱታል። ረቡዕ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ይነሳሉ፤ ሐሙስ ከጀርባ ያሉት። በሐምሌ፣ ዛፉ ላይ ያለው ቅጠል ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ እንኳን፣ አምስት የሣር ብጣሽ ከእግረኛ መንገድ ላይ ለማንሳት ሦስት ሰው ሦስት ማሽን ይዞ ይመጣል። በአንድ መጥረጊያ የሚያልቅ ሥራ ነበር። ኮሪን ይህን ባየች ቁጥር አንጀቷ ያርራል።

እንዲህ የሚያንገበግባት በሮላንድ ምክንያት ነው። ባሏ ሮላንድ የእነዚያው አውቶቡሶች መካኒክ ነበር። የብየዳው ጭስ ሳንባውን በላው፤ ሲጋራውም አግዞታል፣ እሱም አይክድም። የምታክመው ሐኪም የሚጨመር መድኃኒት እንደሌለ ቁርጡን ነገረቻቸው። አልጋውን ሳሎን አምጥተው ከመስኮቱ ሥር ዘረጉለት፤ ኦክስጅኑን ከራስጌው አቆሙለት። ከመስኮቱ ውጭ የሜፕል ዛፍ አለ፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ ጠባብ ጅረት። ሮላንድ ከዚህ ዓለም የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መስኮቱ ተከፍቶ አየር እንዲገባና ያ ጅረት እንዲሰማው።

አልሆነም። መስኮቱ በተከፈተ ሩብ ሰዓት ውስጥ አንዱ ማሽን ይነሳል፤ አቧራና ጭስ ይገባል፤ ሮላንድ ፊቱ እስኪጠቁር ያስላል፤ ኮሪን ሮጣ ትዘጋዋለች። ሲዘጋም ድምፁ አይቀርም። የሮላንድ ድምፅ ደግሞ በዚያን ጊዜ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል። አርባ ዓመት አብረው ያወሩ ሰዎች የቀራቸውን ጥቂት ወሬ በማሽን መካከል እያቆራረጡ ማውራት ሆነ ዕጣቸው። "ምን አልክ?" ትለዋለች። እጁን አወዛውዞ ይተወዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ የለውም።

መጀመሪያ ያደረገችው ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ነው። የሠፈሩን ግማሽ ግቢ የሚያጸዳው የቶድ ሃንስኮም ድርጅት ስለሆነ ወደ ቶድ ሄደች። ቶድ በልጅነቱ አውቶቡስ ውስጥ የሚያስመልሰው ልጅ ነበር፤ ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ታስቀምጠውና ከረጢት ትሰጠው ነበር። አሁን አራት የጭነት መኪናና ነጭ ጥርስ አለው። እጇን በሁለት እጁ ይዞ ለሮላንድ የማያደርገው ነገር እንደሌለ ነገራት። በሚቀጥለው ሳምንት ሠራተኞቹ በጠዋት መምጣታቸውን ትተው በምሳ ሰዓት መጡ። ያደረገላት ይኸው ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ደወለች። ስልኩን ያነሳው መኮንን፣ እሱም የአውቶቡሷ ልጅ፣ የሚከለክል ደንብ የለም አላት። ደንብ ከሌለ ይውጣ ብላ ተነሳች። በዌስት ሃርሎ ደንብ የሚያወጣው ነዋሪው ራሱ ነው፤ በየዓመቱ በግንቦት አንድ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ተሰብስቦ፣ ብርቱካናማ ካርድ እያነሳ። ጥቂት ሰው ከፈረመበት ማንኛውም ሐሳብ አጀንዳ ላይ ይገባል። ኮሪን በር እያንኳኳች አስፈረመች። አንዳንዱ ገና "ቅጠል" ስትል ብዕሩን ተቀበላት። አንዳንዱ ነጻነት ምናምን አለ። አንድ ሰውዬ ጭራሽ በራሱ ግቢ የፈለገውን ድምፅ የማሰማት መብት እንዳለው አፉን ሞልቶ ነገራት። ድምፁ በአንተ ግቢ ቢቀርልን ማን ይነካህ ነበር ብላው ሄደች።

ሐሳቧ እብደት አልነበረበትም። በቤንዚን የሚሠራው ማሽን በበጋ አይነሳ፤ በጸደይና በመኸር ጥቂት ሳምንት ብቻ፣ በተወሰነ ሰዓት ይነሳ፤ በባትሪ የሚሠራው ይፈቀድ። ይኸው ነበር።

ቅዳሜው ደረሰ። ከጎን ቤት ያለችው ነርስ ማርጎ ስቲልማን ሌሊት ስለምትሠራ ቀን ቀን መተኛት ያቃታት፣ ከኮሪን እኩል የተንገፈገፈች ሴት ናት። በዚያን ቀን ግን ድምፅ ከመስጠት ይልቅ ሮላንድ ዘንድ መቀመጡን መረጠች፤ ሰውየው ብቻውን የሚተው አልነበረም። ኮሪን የእሁድ ሹራቧን ለብሳ ሄደች። እስከዚያን ዓመት ድረስ በጉባኤው ቀን ቦታዋ ወጥ ቤት ነበር፤ ባቄላውንና ሳንድዊቹን ታቀርባለች፣ ሳህኑን ታጥባለች፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ጉባኤ ስትከታተል የመጀመሪያዋ ነበር።

ቶድ ማይክሮፎኑን ይዞ ስለ ሠራተኞቹ ተናገረ። ታታሪ ሰዎች ናቸው፣ ልጆች አሏቸው፣ ይህ ደንብ እንጀራቸውን ሊነጥቅ ነው አለ። ድምፁ ሊሰበር ምንም አልቀረውም። ኮሪን ተራዋን ጠብቃ ተነሳች።

"ሠራተኞችህ ካሳሰቡህ ለጆሯቸው መሸፈኛ ግዛላቸው" አለች። "ቀኑን ሙሉ ያንን ነገር አዝለው ጭሱን የሚምጉት እነሱ ናቸው። በራፌ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፣ አንዱም የለውም። እኔ የምጠይቀው ማሽኑን እንድትቀይር ነው እንጂ ሰዎቹን እንድታባርር አይደለም።"

ሳቅም ጭብጨባም ተነሳ። ከዚያ ስለ ሮላንድ በጥቂት ቃል ተናግራ ተቀመጠች። ሰብሳቢው፣ ዊንስሎ ኤልድሪጅ የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ፣ የሚደግፍ ካርዱን ያንሳ አሉ። ብርቱካናማው ካርድ አዳራሹን ሞላው። ኮሪን ዞር ስትል ያየችውን ማመን አቃታት። ቶድ ሃንስኮም ካርዱን ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ያውም ለእሷ ድጋፍ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጁ አፍሯል፣ ልቡ ተመልሷል ብላ አሰበች። የኮሪን ሐሳብ በአብላጫ ድምፅ አለፈ፤ የሰብሳቢው መዶሻ ተመታ።

ምሳ ሆነ። ሰው እየመጣ አቀፋት። ከምሳ በኋላ የቀረው የአንድ ቱቦ ጥገናና የእሳት አደጋ መኪና ጉዳይ ስለነበረ ደጋፊዎቿ እያመሰገኗት ወደየቤታቸው ተበተኑ፤ ቀኑም ፀሐያማ ነበር። እሷም ለሮላንድ ለማብሰር ስለቸኮለች ፓይ በወረቀት ጠቅልላ ወጣች። ማን ይፈርድባታል?

ሮላንድ ዜናውን ሲሰማ ፊቱ በራ። ማርጎ እጇን አጨበጨበች። ኮሪን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ተረከችለት፤ ያቺን የጆሮ መሸፈኛ ነገር፣ ሳቁን፣ ጭብጨባውን። ምርጡን ለመጨረሻ አስቀምጣ ነበር።

"ቶድም እኮ ካርዱን አነሳልን" አለችው።

የሮላንድ ፊት ተለወጠ። "ቶድ?"

"በዓይኔ አየሁት።"

"ኮሪ፣ አሁኑኑ ተመለሺ" አለ፤ ትንፋሽ እያጠረው። "እንደገና ይታይ ማለት የሚችለው ካሸነፈው ወገን ሆኖ ድምፅ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። ከናንተ ጋር ያነሳው ለዚህ ነው። ሰዎቻችሁ አሉ እዚያ?"

አልነበሩም። ኮሪን መኪናዋን እንደዚያን ቀን አክለፍልፋ አታውቅም። አዳራሹ ስትደርስ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። በቀረው ግማሽ ላይ የቶድ ዘመዶች፣ የቶድ ደንበኞችና ያ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ሰውዬ ሰብሰብ ብለው ተቀምጠዋል። ነገሩ አልቋል። ቶድ እንደገና ይታይ ብሎ ነበር፤ ታየ፤ ወደቀ። ሚስተር ኤልድሪጅ እያዘኑ፣ ሥርዓቱ የሚፈቅደው ነገር እንደሆነና እሳቸው መከልከል እንደማይችሉ ነገሯት። የእሳት አደጋ መኪናው ጉዳይ ቀጠለ።

ቶድን መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘችው።

"ካርድህን አንስተህ አይቼሃለሁ" አለችው።

"ሥርዓቱ የሚፈቅደውን ነው ያደረግኩት፣ ሚስስ ላፍላም" አለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "በእርስዎ ላይ ምንም የለኝም። ንግድ ነው።"

"አንተ ልጅ" አለችው፤ "ጫማዬ ላይ ስታስመልስ ለማንም አልነገርኩብህም ነበር።"

ቶድ ቀላ፤ ግን መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ኮሪን እዚያው ቆማ ቀረች። የሚያንገበግባት መሸነፏ ብቻ አልነበረም። ሰውየው እጁን ሲያነሳ እሷ ልታለቅስለት ነበር። ይህን ባሰበች ቁጥር ዛሬም ፊቷ ይግላል።

ያ በጋ መስኮቱ ተዘግቶ አለፈ። ሙቀቱ ሲብስ ማራገቢያ አበሩ፤ የማራገቢያው ድምፅ ደግሞ ሮላንድን የባሰ አራቀባት። ሠፈሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደግፈው ካርድ ያነሱት ጎረቤቶች እንኳን ያንኑ ማሽን በየሳምንቱ ግቢያቸው ማስገባታቸውን አላቋረጡም፤ ደንብ ሲኖር እናቆማለን አሏት፣ ሌላው ሳያቆም እኛ ብቻ ምን ቆርጦን። ይህን ሲሏት አያፍሩም። እኔ ግን የከተማው ሰው ሆኜ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ የእኔም ግቢ አንዱ ነበር።

ሮላንድ አልተበሳጨም፤ የሚበሳጭበት አቅምም አልነበረውም። ማሽኖቹ ፋታ ሲሰጡ፣ በእሁድ ጠዋት፣ ዝናብ ሲጥል፣ ጠጋ በይ ይላትና የጉባኤውን ሥርዓት ያስተምራት ጀመር። ዕድሜውን ሙሉ በየጉባኤው የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው ስለነበረ የማያውቀው ተንኮል የለም። አንድ ዝናባማ ጠዋት ዋናውን ነገራት። አንድ ጉዳይ እንደገና ይታይ ተብሎ የሚጠየቀው በአንድ ጉባኤ አንዴ ብቻ ነው። "ስለዚህ ባሸነፋችሁባት ደቂቃ" አላት፣ በየቃሉ መካከል እያረፈ፣ "እንደገና ይታይ ብለሽ ራስሽ ጠይቂ። ሰው ሁሉ ገና ሳይወጣ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ራሳችሁ ጣሉት። በሩ ተቆለፈ ማለት ነው።"

"የሚቀጥለው ዓመት አንተ ትጠይቃለህ" አለችው።

ሮላንድ ፈገግ ብሎ ዝናቡን ማዳመጥ ቀጠለ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ቅጠሉ ሁሉ በወደቀበትና ማሽኖቹ ከጠዋት እስከ ማታ በሚያጓሩበት ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሮላንድ ዓይኑን ገልጦ ተመለከታትና አንድ ነገር አላት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች። ከመስኮቱ ሥር ማሽን እያገሳ ነበር። ጎንበስ አለች፣ ጆሮዋን አፉ ላይ አስጠጋች፣ ምንም። እንደገና ሞከረ። ምንም። ዘላ ተነሳችና በሹራብ ብቻ ውጭ ወጥታ ሁለት እጇን እያወዛወዘች ጮኸች። ጎረቤት ግቢ የነበረው የቶድ ሠራተኛ ወዲያው አጠፋው፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ይቅርታ ጠየቃት። እሱ ምን ያድርግ፣ ማንም የነገረው የለም። ተመልሳ ስትገባ ሮላንድ ዓይኑን ከድኗል። ማታውን አልነቃም፤ ሌሊቱን አረፈ።

ምን እንዳላት አታውቅም። ውሃ ጠይቋት ይሆናል። ትራሱን አስተካክይልኝ ብሏት ይሆናል። ሌላም ይሆናል። ሰዎች በቀብሩ ላይ ብዙ ማጽናኛ ነገሯት፤ ያቺን ግን ማንም ሊመልስላት አልቻለም። ክረምቱን በሙሉ ከሁሉ ይልቅ ያብከነከናት ይኸው ነበር፤ ሞቱን የሚያውቁት ነገር ነው፣ ያችን አንዲት ቃል ግን ሰረቋት። ቶድ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ላከ። በረንዳ ላይ እንዳለ ደረቀ።

በግንቦት እንደገና አስፈረመች። በዚህ ጊዜ ጉባኤው ከመጀመሩ በፊት በጂምናዚየሙ በር ላይ ቆመች። የሚደግፋትን እያንዳንዱን ሰው ክንዱን ይዛ፣ "አውቶቡሱ ሳይቆም ማንም አይነሳም" እያለች አስገባችው። ሳቁ፤ ግን ገባቸው። እኔንም ክንዴን ያዘችኝ። ቁጭ አልኩ።

ክርክሩ ያው ያለፈው ነበር፤ ቶድ ተናገረ፣ ነጻነቱ ተነሳ፣ እንጀራው ተነሳ። ኮሪን ስለ ሮላንድ አንድም ቃል አልተናገረችም። ሚስተር ኤልድሪጅ ካርድ አስነሱ። ብርቱካናማው ከአምናው በዛ። ኮሪን ዞር ብላ ተመለከተች። ቶድ ዘንድሮም ካርዱን ከድጋፍ ጋር አንስቷል፤ ዓይኗን ግን ሸሸ። ሐሳቡ አለፈ። መዶሻው ገና ከጠረጴዛው ሳይነሳ ኮሪን ተነስታ ቆመች።

"ሚስተር ሰብሳቢ፣ ይህ ውሳኔ እንደገና እንዲታይ እጠይቃለሁ።"

አዳራሹ ጉድ አለ። ከኋላ አንዲት ሴት ኮሪን አበደች እንዴ ስትል ተሰማ። ማርጎ ስቲልማን ግን ከአጠገቧ ተነስታ "እደግፋለሁ" አለች። ሚስተር ኤልድሪጅ ኮሪንን በመነጽራቸው አናት ትኩር ብለው አዩዋት፤ ቀስ እያለ ገባቸው። አዛውንቱ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወረቀታቸውን አገላበጡ።

"ውሳኔው እንደገና ይታይ የሚል ካርዱን ያንሳ" አሉ።

ቶድና ሰዎቹ አነሱ፤ ሌላ ምን ያድርጉ። ጥቂት ነበሩ።

"የሚቃወም?"

ኮሪን የገዛ ራሷን ጥያቄ ተቃውማ ካርዷን አነሳች። አዳራሹም ነገሩ ገብቶት ከኋላዋ አነሳ። መዶሻው ተመታ፤ ሚስተር ኤልድሪጅ ጉዳዩ በዚህ ጉባኤ ዳግመኛ ሊነሳ እንደማይችል ጮክ ብለው ተናገሩ። ከዚያ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ጉዳይ ተነሳ። ኮሪን አልሄደችም። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ጠፉ ውሾች የተባለውን ሁሉ ቁጭ ብላ ሰማች፤ ጉባኤው ተዘግቷል እስኪባል ድረስ።

ሲወጡ ቶድ በሩ ላይ ጠበቃት። ነጭ ጥርሱ አይታይም።

"ሮላንድ ነው ያስተማረዎት፣ አይደል?" አላት።

"አዎ፣ በሹክሹክታ" አለችው። "ማሽንህ ፋታ ሲሰጠን።"

ቶድ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ።

"ተወው" አለችው። "መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ሠራተኛህ ከመስኮቴ ሥር ነበረና አልሰማሁትም። ስለዚህ አንተም የምትለኝን አልሰማም።"

ትታው ሄደች። ቶድ ካርዱን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ እኛም በአጠገቡ አልፈን ወደየመኪናችን ሄድን።

ደንቡ ሥራ ላይ በዋለበት የመጀመሪያ ሰኞ ኮሪን ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ኦክስጅኑን ወስደውታል። አልጋው ግን አሁንም ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ማንሳት አልሆነላትም። ከቀኝ ጎረቤት አንድ ሰው በመጥረጊያ ሲጠርግ ይሰማል፤ ሹክ፣ ሹክ። መስኮቱን እስከ ላይ ከፈተችው። ንጹሕ አየር ገባ፤ ጅረቱ ቁልጭ ብሎ ተሰማ። ከአልጋው ጠርዝ፣ በተለመደው ቦታዋ ተቀምጣ ወደ ትራሱ ጎንበስ አለች።

"በል አሁን ንገረኝ" አለችው። "እሰማለሁ።"